በኢንጂነሯ ስም የተላከው ኢሜይል

በሕንፃው ውስጥ ሁሉም «ኢንጂነሯ» ይሏታል እንጂ የኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤት ደጅ ረግጣ አታውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በልብስ ፋብሪካ ጨርቅ ቆራጭ ነበረች። ከኮምፒውተር ጋር የተዋወቀችውም እዚያው ነው። ፋብሪካው አሮጌዎቹን ሲጥል አንዱን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ወደ ቤቷ ወሰደችው። ካቻቢቴ ገዝታ አንድ በአንድ ፈታታችው። መልሳ ስትገጥመው ሦስት ብሎን ተረፋት፤ ኮምፒውተሩ ግን ሠራ። ከዚያ ወዲህ እጇን ከዚህ ነገር ላይ የሚያነሳላት ጠፋ።

ከፋብሪካው የወጣችው በአባቷ ምክንያት ነው። ከአራት ዓመት በፊት ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸውና አልጋ ላይ ዋሉ። ወንድሟ ባለትዳርና የልጆች አባት ነው፤ እሷ ደግሞ ብቻዋን ናት። ማንም «አንቺ ያዢያቸው» ሳይላት ነገሩ ዞሮ ዞሮ እሷ ላይ አረፈ። ወንድሟ እሑድ እሑድ መጥቶ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል፤ እሷም በዚያች ሰዓት ሮጣ የሳምንቱን አስቤዛ ሸምታ እያለከለከች ትመለሳለች። ከዚያ ውጪ ዓለሟ ሁለት ክፍል፣ አንድ ጠባብ ኮሪደርና ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ግቢው የሚያይ አንድ መስኮት ነው። ከአባቷ አልጋ እስከ ኮምፒውተሯ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ቆጥራዋለች።

ጠዋት አባቷን አጥባ፣ አብልታና ልብሳቸውን ቀይራ ካስተኛቻቸው በኋላ እስከ እኩለ ቀን እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ያቺ ሰዓት የእሷ ናት። በሩን ገርበብ አድርጋ ባሕር ላይ ትወጣለች። ባሕሩ ያለው ስክሪኑ ውስጥ ነው፤ በኢንተርኔት የሚጫወቱት የመርከብ ጌም ነው። አራት ሰዎች አንድ የጭነት መርከብ ይዘው ከወደብ ወደብ ይጓዛሉ። የሞተር ክፍሉ የእሷ ነው፤ በዚያም «ጠጋኟ» ትባላለች። መሪውን የሚይዘው ሰው «ካፒቴን» ነው። እውነተኛ ስሙን፣ አገሩንም ሆነ ዕድሜውን አታውቅም። ማዕበል ሲነሳ የማይደናበር ሰው መሆኑን ግን ታውቃለች፤ ለእሷ ያ በቂ ነበር። አብረው ሰባት ዓመት ተጉዘዋል።

ለጎረቤቶቿ ደግሞ ሌላ ሙያ አላት። አጠራጣሪ ኢሜይል የደረሰው ሁሉ እሷ ዘንድ ይመጣል፤ መውጣት የሰነፈ ይደውላል። «ስሙን ተዉት፤ አድራሻውን ፊደል በፊደል አንብቡ። የሚያጣድፋችሁን ሰው አትመኑ። ግራ ከገባችሁ ከመንካታችሁ በፊት ለእኔ ደውሉ» ትላቸዋለች። ምድር ቤት ሱቅ ያለው ፀጉር አስተካካይ ይህንን በትልልቅ ፊደል ጽፎ ከመስታወቱ አጠገብ ለጥፎታል። አንድ ቀን «ሩቅ አገር ያለ ዘመድህ ሞቶ ወራሽ ሆነሃል» የሚል ደርሶት ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ መጣ።

«እዚያ አገር ዘመድ አለህ እንዴ?» አለችው።

«የለኝም።»

«ታዲያ ማን ሞተ?»

ፀጉር አስተካካዩ ትንሽ አሰበና «ቢሆንም ነፍስ ይማር» ብሎ ወረደ።

ነገሩ የደረሰው አንድ ማክሰኞ ነው። አባቷ ከማለዳ ጀምሮ ከፍቷቸው ነበር። የበሉት አልረጋላቸውም፤ አንሶላውን ሁለት ጊዜ ቀየረች። ውሃ አሉ፤ ስታመጣ አልፈልግም አሉ፤ ስትመልሰው ደግሞ ውሃ አሉ። እንቅልፍ ሲወስዳቸው ረፋዱ አልቆ ነበር። ወገቧን ይዛ ኮምፒውተሯ ፊት ስትቀመጥ ከካፒቴኑ የመጣ ኢሜይል አገኘች።

«ጠጋኟ፣ አዲስ መርከብ አግኝተናል። የሞተር ክፍሉን ካንቺ ሌላ ለማንም አልሰጥም። እስከ እኩለ ቀን ብቻ ነው የሚጠብቁን፤ ቶሎ ግቢና ቦታሽን ያዢ።»

ካፒቴኑ ኢሜይል ልኮላት አያውቅም። «ቶሎ» ሲልም ሰምታው አታውቅም። ይህንን ጎረቤት ቢያሳያት ኖሮ ገና ሳትቀመጥ «ጣለው» ትለው ነበር። ግን «ካንቺ ሌላ ለማንም» የሚለው ቃል ሆዷ ገባ። ከዚያች ጠዋት በኋላ አንድ ሰው፣ የትም ይሁን የት፣ ቦታ ይዞ እየጠበቃት ነው። ልክ ያን ጊዜ ከውስጥ «ልጄ!» የሚል ድምፅ መጣ።

«መጣሁ አባዬ!» አለች። በግማሽ ተነሥታ ሊንኩን ነካች፤ የይለፍ ቃሏን በአንድ እጇ አስገባችና ሮጠች።

ስትመለስ ጌሙ አላስገባ አላት። ደግማ ሞከረች። ኢሜይሏን ልትከፍት ብትል እሱም ተዘግቷል። ለሁለቱም የምትጠቀምበት የይለፍ ቃል አንድ ነበር፤ ሌላ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ብታገኝ የምትቆጣው እሷ ናት። ስክሪኑ ላይ ተከፍቶ የቀረውን መልእክት አሁን ፊደል በፊደል አነበበችው፤ አድራሻው ውስጥ «ካፒቴን» የሚለው ስም መጨረሻ ላይ አንዲት ትርፍ ፊደል ተቀምጣለች።

ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ጮኸ። ፀጉር አስተካካዩ ነው።

«እህት ዓለም፣ የላክሽውን ከፍቼ የይለፍ ቃል አምጣ እያለኝ ነው። ላስገባ?»

«ምን ልኬልህ?»

«የሕንፃውን ሰው ከአጭበርባሪ የሚጠብቅ ነገር አይደል እንዴ? ስምሽ አለበት። ካንቺ ስለሆነ ዝም ብዬ ላስገባ ነበር፤ ግን ደውሉ ብለሽ የለ?»

«እንዳትነካው! እኔ አይደለሁም!»

ኢሜይሉ ለስንቱ እንደደረሰ ገባት። በአድራሻ መያዣዋ ውስጥ የሕንፃው ሰው ሁሉ አለ፤ የምታውቀው ስልክ ግን የጥቂቱን ነው። ለአንዱ ደወለች፤ አያነሳም። ለሌላው ደወለች፤ ተይዟል። በየበሩ ለማንኳኳት እስከ ኮሪደሩ ሮጣ የበሩን እጀታ ጨበጠች። አባቷ እንደገና ተጣሩ። ባለፈው ወር ለአምስት ደቂቃ ትታቸው ወጥታ ስትመለስ ከአልጋ ወድቀው ነው ያገኘቻቸው። እጀታውን እንደያዘች ቆመች፤ መውጣትም መመለስም አቃታት። የቀራት መስኮቱ ብቻ ነበር።

ከፈተችው። ግቢው ውስጥ ልብስ የሚያሰጡ፣ ጥበቃው፣ ወዲያና ወዲህ የሚሉ ሰዎች አሉ። ምን ትበል? እነሱን ስታስተምር የኖረች ሴት! ጉሮሮዋን ጠርጋ ጮኸች።

«ስሙኝ! እባካችሁ ስሙኝ!»

«እሳት ነው?» አለ ጥበቃው እየሮጠ።

«እሳት ነው?» አሉ አባቷም ከአልጋቸው።

«እሳት አይደለም! ኢሜይል ነው!»

ግቢው በሳቅ አውካካ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«በስሜ የመጣላችሁን አትክፈቱ! እኔ አይደለሁም የላክሁት!»

«አንቺ ካልሆንሽ ማነው?» አለች አንዷ ልብስ እንደያዘች።

«ሌባ ነው! አታለለኝ! የይለፍ ቃሌን በገዛ እጄ ሰጠሁት!»

ሳቁ ቀጥ አለ። የመስኮቱን ደፍ በሁለት እጇ ይዛ፣ አንገቷን ሳታስገባ፣ ያንኑ ደጋግማ ጮኸች። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ወጥቶ በየፎቁ በር እየደበደበ ወሬውን አዳረሰ፤ ግማሽ ፀጉሩ የተቆረጠ ደንበኛውም ፎጣውን አንገቱ ላይ እንዳሠረ ተከተለው።

አብዛኛው ሰው ተረፈ። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው አስተማሪ ግን ቀድማ አስገብታ ነበር። ኢሜይሏ እስኪመለስ አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ፤ ለፈተና ያዘጋጀችው ጥያቄ ሁሉ እዚያ ነበር። ኢንጂነሯ በየቀኑ እየደወለች ምን ማድረግ እንዳለባት ብትነግራትም አስተማሪዋ ከ«እሺ» በቀር ቃል አትመልስላትም። ያ «እሺ» ከስድብ ይበልጥ ይወጋት ነበር።

የራሷ ኢሜይል ተመለሰ። የጌሙ አካውንት ግን እንደወጣ ቀረ። በአዲስ ስም ገብታ መርከቧን ከአንድ ወደብ አገኘችውና ለካፒቴኑ ጻፈችለት።

«እኔ ጠጋኟ ነኝ። ተሰርቄ ነው።»

«ጠጋኟ ትናንት እዚህ ነበረች። ሊንክ ላከችልን፤ አልነካነውም።»

«እሷ እኔ አይደለሁም።»

«እሷም በስሜ የሚመጣ ሰው አትመኑ ብላናለች።»

ግራ ቢገባት አንድ ቀን ያደረጉትን አስታወሰችው። አባቷ ሆስፒታል ገብተው በወጡበት ሳምንት «አየር አጠረኝ» ብላ ጽፋ ነበር። ካፒቴኑ ያን ቀን መልህቅ አስጥሎ፣ አራቱም ከመርከቡ አናት ወጥተው፣ ግማሽ ሰዓት ምንም ሳይሠሩ ባሕሩን አይተዋል።

ካፒቴኑ መለሰላት።

«ያ ሁሉ በጽሑፍ የተነጋገርነው ነው። አካውንቱን የያዘ ሰው ሊያነበው ይችላል። እውነት አንቺ ከሆንሽ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

እሷ ብትሆንም ይህንኑ ታደርግ ነበር። «ልክ ነህ» ብላ ጻፈችለት። መርከቡ ካለ እሷ ወደብ ለቆ ሲወጣ እስኪጠፋ ድረስ አየችው፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን አጠፋችና አባቷን ልታገላብጥ ሄደች።

ፀጉር አስተካካዩ ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ እየመጣ የአባቷን ጢም ይላጫል። በመጀመሪያው ቀን ሳሙናውን እየመታ «እኔ አለሁ፤ ሂጂ ትንሽ ንፋስ ተቀበዪ» አላት። እምቢ ብትለው ነጠላ ጫማዋን አንሥቶ በሩ ጋ አስቀመጠላት። ወረደች። የግቢውን በር አልፋ መንገዱ ዳር ቆመች። የምትገዛው ነገር የለም፤ ቀኑም እሑድ አይደለም። ወደ ቀኝ አየች፤ ወደ ግራ አየች። በየትኛው በኩል ቢሄዱ ምን እንዳለ ታውቃለች፤ ለምን እንደምትሄድ ግን አላወቀችም። ጥበቃው «ምን ጠፋሽ?» ሲላት አፍራ ዞረች።

አሥር ደቂቃ አልሞላትም። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንዳነሣ ቀና አለ፤ የአባቷ አንድ ጉንጭ ገና አረፋ ነው።

«ምነው? ምን ረሳሽ?»

«ምንም» አለችና የውሃውን ሳህን ከአጠገቡ አነሣች። «አንተ ቀጥል፤ እኔ ልያዝልህ።»