የአባቴ የባሩድ ልክ

አባቴ በጦር ሠራዊት የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ ሆኖ ኖሮ ነው ጡረታ የወጣው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ባለው ቤታችን፣ በመኝታ ቤቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎ የሚያስቀምጠው አንድ አሮጌ ሽጉጥ አለው። ከአያቱ የወረሰው ነው፤ ፈቃዱም በስሙ ወጥቷል። ሽጉጡ እንደ ዛሬዎቹ ጥይት አይጎርስም። ስድስት ቀዳዳ ያለው የሚዞር የብረት ጎማ አለው፤ በየቀዳዳው ከፊት በኩል ጥቁር ባሩድ ይፈስበታል፣ በላዩ የእርሳስ አረር ተጠቅጥቆ ይገባል፣ ከኋላ ደግሞ እሳቱን የምትጭር ትንሽ የመዳብ ቆብ ትደረግበታለች።

እናታችን ልጆች ሳለን ስላረፈች ቤታችን ውስጥ የምንኖረው አባቴ፣ እኔ ሴት ልጁና ታናሽ ወንድሜ ብቻ ነበርን። ወንድሜ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። ሳቂታ፣ ድምፁ ከደረጃው ሥር ጀምሮ የሚሰማ ልጅ ነበር። በየዓመቱ መስቀል አልፎ መሬቱ ሲጠነክር፣ አባቴ ሁለታችንን ይዞ ከሰበታ ወዲያ ወደሚገኘው የአጎታችን እርሻ ይሄዳል። ከእርሻው ጀርባ ሰው የማይደርስበት ገደል አለ። እዚያ ግድግዳው ላይ የቀለም ቆርቆሮ ክዳን ይሰቅልና ተራ በተራ ያስተኩሰናል።

ባሩዱን የሚሰፍረው ከፍየል ቀንድ ጫፍ ቆርጦ በሠራት መስፈሪያ ነበር። ቀዳዳውን ሞልቶ አያውቅም፤ ግማሽ ያህሉን አፍስሶ ይተውና በላዩ ሰሞሊና ይጨምርበታል። በባሩዱና በአረሩ መካከል ክፍት ቦታ ከቀረ ብረቱን ሊያፈነዳው ይችላል፤ ሰሞሊናው ያንን ክፍተት ይሞላል። አረሩን ከጠቀጠቀ በኋላ የየቀዳዳውን አፍ በሞራና በሰም ይደፍነዋል፤ አንዱ ሲተኮስ እሳቱ ወደ ጎረቤቱ ዘሎ ሁሉም ባንዴ እንዳይነሡ ነው። ስድስተኛውን ቀዳዳ ሁልጊዜ ባዶ ይተወዋል፤ ሳይታሰብ እንዳይባርቅ መምቻው የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ወንድሜ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አይዋጥለትም ነበር።

«አባዬ፣ ይቺማ ሳል ናት እንጂ ተኩስ አይደለችም። እስቲ አንዴ ሞላ አድርገህ አስጩህልን» ይለዋል።

«ጩኸት ያማረው ርችት ይግዛ» ይላል አባቴ፣ ቀና ሳይል። «ባሩድ ሲበዛ አረሩ ይደነግጣል፤ የት እንደሚሄድ አያውቅም። አንተ ክዳኑን መምታት ነው የምትፈልገው ወይስ ወፍ ማባረር?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ይፍረዱን» ይላል ወንድሜ ወደ አጎታችን ዞሮ። «ሰሞሊናውስ ለገንፎ አይሻልም?»

አጎታችን ይስቃል። አባቴ ግን አይስቅም። በሥራ ዘመኑ አንድ ባልደረባው ያለ ልኩ ሞልቶ ሲተኩስ ብረቱ እጁ ላይ ተሰንጥቆ አይቷል። ያንን አንድ ጊዜ ነገረንና ዳግመኛ አላነሣውም። ትንሿ ልክ በእርግጥም ክዳኑን ትመታለች፤ ቀዳዳዎቹ መዳፍ በምትሸፍነው ቦታ ላይ ተሰብስበው ይገኛሉ። ወንድሜ ክዳኑን አንሥቶ እያየ «ይሁን፣ ትመታለች» ይላል፣ ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ልመና ይጀምራል።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ወንድሜ መድከም ጀመረ። መጀመሪያ እንቅልፍ ማጣት ነው ብለን ነበር፤ ሌሊት እየተነሣ ስለሚነዳ። ከዚያ ድዱ ይደማ ጀመር። የደም ካንሰር ነው ተባለ። ሐኪሙ ሲነግረን አባቴ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ ነበር፤ ሰው ንግግሩን እስኪጨርስ የሚጠብቅ ይመስል፣ ሐኪሙ ዝም ካለ በኋላም እንደቆመ ቀረ። ክረምቱ ሳያልቅ ወንድሜን አጣነው። አጎታችን አገር፣ ከአያቶቻችን ጎን ቀበርነው።

አርባው ሲቃረብ አጎታችን ደወለ። የሰፈሩ ሰዎች ለልጁ መተኮስ ይፈልጋሉ፤ እዚያ ወጉ ነው። አባቴ «እኔም ሽጉጤን ይዤ እመጣለሁ» አለ።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ሽጉጡን የምግብ ጠረጴዛው ላይ አወጣው። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ምድጃውን አጥፍቻለሁ፣ መስኮቱን ከፍቻለሁ፤ ይህንንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ለሐዘን ስለሆነ አረር አይገባም፤ ባሩድ፣ ሰሞሊናና ሰም ብቻ።

አንድ መስፈሪያ አፈሰሰ። ከዚያ እንደገና ቀድቶ እዚያው ቀዳዳ ላይ ደገመ። የተሳሳተ መስሎኝ ነበር።

«አባዬ፣ እሱ ተሰፍሮለታል እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

ወደ ባሩዱ ቆርቆሮ ዳግመኛ እጁን ሰደደ። እጁን ያዝኩት። ልጁ ሆኜ አባቴን የከለከልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አንተ ነህ እኮ ብረቱ አርጅቷል፣ አይችልም ያልከን» አልኩት።

«ነገ አንድ አይበቃም» አለ።

«ስንጥቅ ቢልብህስ? ሰው መሀል ነው የምትቆመው።»

እጁን ከእጄ አላስለቀቀም። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ያን ልጅ አንድ ቀን እንኳ እንደ ልቡ አላስጮህኩለትም» አለ። «ስንት ዓመት ለመነኝ። አንድ ቀን እንኳ።»

አባቴ ሐኪም ቤትም፣ ቀብሩም ላይ አላለቀሰም ነበር። ያን ጊዜ አለቀሰ። ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። እኔም ጎንበስ ብዬ ቀዳዳውን ጋዜጣ ላይ ገለበጥኩና ባሩዱን መልሼ አንድ መስፈሪያ ሰፈርኩ። ሰሞሊናውን ጨመርኩ፣ ጠቀጠቅኩ፣ በሰም ደፈንኩ። አምስቱንም እንደዚያው። እሱ አላየም። ስጨርስ ግን ሽጉጡን ተቀብሎኝ እያንዳንዱን ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ዳሰሰና «ደህና ነው» አለኝ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ የሰፈሩ ወንዶች መቃብሩ አቅራቢያ ተሰልፈው ክላሽ ተኮሱ። ጆሮ የሚበጥስ ነበር፤ ሴቶቹ እሪ አሉ፣ ውሾች ሸሹ። ሲያበቁ አባቴ ራቅ ብሎ ቆመና ክንዱን ወደ ሰማይ አነሣ። ሽጉጡ ነጭ ጭስ ተፋ። ድምፁ ከክላሾቹ በኋላ የሆነ ሰው በር የዘጋ ያህል ብቻ ነበር። ከኋላዬ የቆሙ ሁለት ሽማግሌዎች ወሬያቸውን አላቋረጡም። አምስቱንም እስኪጨርስ ቀስ እያለ ተኮሰ፤ በየመሀሉ ጭሱ እስኪበተን ይጠብቃል። አጎታችን ሄዶ ትከሻውን ያዘው።

ስንመለስ አባቴ መኪናው ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። አየር ጤና ስንደርስ ነው የተናገረው።

«ተሰማ ወይ?»

«ተሰማ፣ አባዬ» አልኩት።

ጥቁር ባሩድ የተተኮሰበት ብረት በዚያው ቀን በሙቅ ውኃና በሳሙና ካልታጠበ ዝገት ይበላዋል። አባቴ ከእርሻው ተመልሰን ምንም ቢደክመው ሽጉጡን ሳያጥብ፣ አድርቆ ዘይት ሳይቀባ እህል አይቀምስም ነበር። ያን ቀን ግን በጨርቅ እንደተጠቀለለ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አስገባው። ነገ ያጥበዋል ብዬ ጠበቅኩ። እንግዳ እየመጣ እየሄደ፣ ለቀስተኛው እስኪያልቅ ሽጉጡ ሳይታጠብ ሰነበተ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቁልፉን ስጠኝ አልኩት፤ ሳይጠይቀኝ ሰጠኝ።

ውኃ አፍልቼ ጎማውን ፈትቼ ማጠብ ጀመርኩ። ጨርቁ እየደጋገመ ቀይ ሆኖ ይወጣል። አባቴ የወጥ ቤቱ በር ላይ መጥቶ ቆመ።

«ተይው» አለ። «ከእንግዲህ ለማን ነው?»

ሄዶ ሳሎን ተቀመጠ። እኔ ማጠቤን ቀጠልኩ። አፈሙዙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርጌ ውስጡን ሳይ፣ ዝገቱ ብረቱን እዚህም እዚያም ቦርቡሮት ነበር። አደረቅኩት፣ ዘይት ቀባሁት፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። ዘንድሮ መስቀል አልፎ አጎታችን እንደ ወትሮው ኑ ብሎ ሲደውል አባቴ መንገዱ ጥሩ አይደለም አለው። መንገዱ ምንም አልሆነም።