የድልድዩ ግዳጅ

ሶዶ ከተማ ኮምፒውተር አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ ተማሪ በሌለበት ሰዓት ማሽኖቹን ለጌም እናከራይ ነበር። ሁሉም የሚሻማው የጦር አውሮፕላኑን ጌም ነው፤ እኔም ጭምር። ዘጠነኛው ግዳጅ ላይ ግን ሁላችንም ተገትረን ቀረን። ሸለቆ ውስጥ ያለ ድልድይ አፍርሶ መመለስ ነው፤ ግራና ቀኙ ሚሳይል። ከላይ መጥቼ ቁልቁል ስወረወር ማስጠንቀቂያው ይጮሃል፤ ከዚያ እሳት ብቻ።

አንድ ሰው ግን አለፈው። ከቦዲቲ እየተመላለሰ ሶዶ ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ ዝምተኛ ሰው ነበር። በምሳ ሰዓት ይመጣና ጥግ ያለውን ማሽን ይይዛል፤ አንዳንዴ የሥራ ሰዓት ገብቶም አይነሳም። አንድ ቀን ከኋላው ቆሜ ሳይ ድልድዩ ፈረሰ። በማግሥቱም ደገመው።

አላመንኩትም። ነዳጁን የማያልቅ አድርጎት ይሆናል ብዬ፣ እስኪወጣ ጠብቄ ማስተካከያውን ከፈትኩ። ምንም አልተነካም፤ እንዲያውም የሚጫወተው በከባዱ ደረጃ ነው። ጥርጣሬዬ ባሰ። ትንሽ ደብተር ነበረችው፤ ባጠገቡ ሳልፍ በመዳፉ ይሸፍናታል። የሆነ ኮድ ቢኖራት ነው አልኩ። ከዚያ ወዲያ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት መዝገብ ላይ ስጽፍ እንኳ ዓይኔ ከእጁ አይነሳም።

አንድ ቀን ስልክ ተደውሎለት ሲወጣ ደብተሯን ረሳት። ከፈትኳት። ኮድ የሚባል የለም። የተጻፈው አሟሟቱ ብቻ ነው፦ «ከፍ ብዬ ገባሁ፤ ሞትኩ።» «የጠላት ጄት ተከትዬ ሄድኩ፤ ሞትኩ።» «ሁለት ቦምብ ተርፎኝ ወደ ድልድዩ ተመለስኩ፤ ሞትኩ።» ገጽ በገጽ እንዲህ ነው።

«ማነው የላከሽ?»

በሩ ላይ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ማንም አልላከኝም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ስገባ ስወጣ ምንድነው የምትጽፊው? ግምገማችን ደርሷል። በሥራ ሰዓት ጌም ይጫወታል ልታስብዪኝ ነው አይደል?»

መዝገቡን አምጥቼ አሳየሁት፤ የሁሉም ደንበኛ ሰዓት አለበት። «እኔማ ያጭበረብራሉ ብዬ ነው» አልኩት፣ አፍሬ።

ከዚያ ወንበሩን ሳበልኝ። «ተቀመጪ» አለና በመስኮቱ ወደ ዳሞታ ተራራ ጠቆመ። «ከተራራው ጀርባ ያለው ይታይሻል?»

«አይታየኝም።»

«ሚሳይሎቹን የሚመራው ራዳርም እንዳንቺው ነው። ኮረብታውን ተከልለሽ፣ ወንዙን ይዘሽ ዝቅ ብለሽ ሂጂ። ያለሽን ቦምብ ሁሉ አንዴ ጣዪ። ሳተም መታም ወደ ድልድዩ አትመለሺ።»

ሁለቴ ከኮረብታ ጋር ተላተምኩ። በሦስተኛው ድልድዩ ፈረሰ። ወዲያው አንድ ጄት ከፊቴ ሽው አለ፤ ላባርረው እጄ ሲቃጣ «ተዪው! እንድትከተዪው ነው የሚፈልገው» አለ። ተውኩት። ነዳጁ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አረፍኩና ጮኼ ተነሳሁ። እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

ግምገማው ባለቀ በሳምንቱ መጣ። «ስለ ጌሙ ማንም አላነሳም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ውለታሽን አልረሳም።»

እኔ ሳልናገርበት ቀርቼ ያዳንኩት መስሎታል። የምነግረው ሰው ኖሮኝ እንደማያውቅ ላስረዳው አሰብኩና ተውኩት። ብምልለት እንኳ የሚያምነኝ አልመሰለኝም።