የጄሶው ምልክት

ሥራውን የሚያውቅ ሰው ለማንም የማስረዳት ግዴታ የለበትም፤ ሰረቀብርሃን በዚህ እምነት ሠላሳ ዓመት ኖረ። ከአስመራ ዳር፣ ከቤት ጊዮርጊስ፣ ወደ ምጽዋ የሚወርደው መንገድ ጠባቂ ነበር። ጣሊያናዊ አለቃው ያስተማረው በቁጣ እንጂ በምክንያት ስላልነበረ፣ እሱም ዝምታን እንደ ማዕረግ ወረሰ። የየዕለቱ የመንገድ መዝገብ በአማርኛ ይሞላ ከተባለ ወዲህ እንኳ የሚጽፈው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ደኅና» ወይም «ይዘጋ»። ተሳስቶ አያውቅም ነበር፤ ይህ ሊነፈገው አይገባም።

ከሁሉ የሚፈራው የወቅቱን የመጀመሪያ ዝናብ ነበር፤ ወደ ባሕሩ በሚወርደው በዚያ ቁልቁለት ዝናቡ የሚገባው በኅዳር ነው። በድርቁ የተሰነጠቀ አፈር ውሃውን ይውጣል፤ ላዩ ጸጥ ብሎ ውስጡ ይከብዳል። ስለዚህ በየስንጥቁ ላይ ጄሶ ይለጥፋል። ጄሶው ከተሰበረ ተዳፋቱ ተንቀሳቅሷል። ይህን ለአዲሱ ባልደረባው ለተመልሶ አልነገረውም። ተመልሶ ቪላጆ ጀኒዮ በሚባለው የአስመራ ሰፈር ቤት ሲለስን የኖረ ግንበኛ ነው።

በ1957 ዓ.ም. ኅዳር፣ ሁለት ቀን ከዘነበ በኋላ፣ ሰረቀብርሃን በጭጋግ ውስጥ ጄሶዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ሁሉም ሙሉ ነበሩ። በመንገዱ ስልክ መኪና ወደሚያሳልፈው ኬላ ደውሎ «ደኅና» አለ። ሲመለስ ጭጋጉ ተገልጦ ነበር። አንደኛው ጄሶ ከሌሎቹ ይልቅ ነጥቶ ታየው። በጥፍሩ ቢጭረው ለስላሳ ነው።

«ይህን ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ፣ አቦይ ሰረቀ። ማለዳ ለሁለት ተሰንጥቆ ባገኘው አደስኩት።» ተመልሶ ፈገግ አለ። «እርስዎ በግንበኝነት ተቀጥረው ቢሆን ኖሮ ሳምንት አይቆዩም ነበር።»

ሽማግሌው አልሳቀም። «የተሰነጠቀው ተዳፋቱ ስለተንቀሳቀሰ ነው። ሊወርድ ነው።»

የአውቶቡሱ ድምፅ ከላይኛው መታጠፊያ ተሰማ። ወደ አውቶቡሱ የሚያደርሰው በዚያው ተዳፋት ሥር የሚያልፈው መንገድ ብቻ ነበር፤ የሰረቀብርሃን ጉልበት ደግሞ ለሩጫ አይሆንም። ተመልሶ የመኪና ማስቆሚያውን ቀይ ጨርቅ ከእጁ ነጥቆ ሮጠ።

አውቶቡሱ ቆመ። ተሳፋሪዎቹ ዳኑ። ተዳፋቱ ሲናድ ግን አንድ ቋጥኝ የተመልሶን ቀኝ እጅ ጨፈለቀው።

ሽማግሌው ሆስፒታል ሊጠይቀው ሲሄድ ተመልሶ ያለው ይህን ብቻ ነው፤ «ቢነገረኝ እኮ አልነካውም ነበር፣ አቦይ።»

ሰረቀብርሃን ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ፣ ለኬላው ዘበኛ ጭምር፣ ሁሉንም አስረዳ። ይህ መልካም ነው፤ ግን ዕዳውን አይከፍልም። ለተመልሶ የሚገባው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ እሱም ከዝናቡ በፊት።