የላላው ብሎን

ተማሪዎቹ ጋሽ ዙሪያ ይሏቸዋል። በስማቸው የሚጠሯቸው ሚስታቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም የሚጠሯቸው ሲናደዱ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ከጠዋት ልማዳቸው ነው። የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ከማስነሳታቸው በፊት በእግራቸው ይዞሩታል። ስድስቱንም ጎማ በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ ይጸልያሉ። የፊት ግራው ጋ ለራሳቸው ዓይን፣ የፊት ቀኙ ጋ በሩ ላይ ለምትቆመው ረዳታቸው፣ ከኋላ ያሉት አራቱ ጋ ደግሞ ለአርባ ሁለቱ ልጆች በየስማቸው። የአርባ ሁለት ልጅ ስም ጠርቶ ለመጨረስ ጊዜ ይወስዳል። የቸኮለ መምህር በመስኮት ብቅ ብሎ፣ ዛሬም ቅዳሴ ገቡ እንዴ፣ ሲላቸው እንኳ አንድ ስም አይዘሉም። መንዳት ያስተማሯቸው አዛውንት “ጎማ ሳትነካ መሪ አትንካ” ብለዋቸው ነበር። ይህችን ቃል ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አልሰበሯትም።

አውቶቡሱን የሚጠግነው የሚስታቸው ታናሽ ወንድም ነው። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ይልቅ ከመኪና ሆድ ሥር የሚገኝ፣ ምላሱ ከመፍቻው የማይተናነስ ሰው ነው። ጋሼ፣ እግዚአብሔር የሚጠብቅዎት ከሆነ ጎማውን ምን ያስነካዎታል፣ ካልጠበቀዎትስ ቢነኩት ምን ይፈይዳል፣ እያለ ነገር ይፈልጋቸዋል። እሳቸውም፣ እሱ የእሱን ሥራ ይሠራል፣ እኔም የእኔን፣ ብለው ያልፉታል። ይለፉት እንጂ ጥያቄው ይቆረቁራቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ሁሉ ዘመን የአምላካቸውን ጥበቃ ከራሳቸው ጥንቃቄ ለይተው አይተውት አያውቁም።

አውቶቡሱ የሚያድረው በግቢው ጀርባ፣ ከዘበኛው ክፍል አጠገብ ነው። ዘበኛው ከሴት ልጃቸውና ከሁለት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ሕፃኗን አገር ምድሩ ሚጢ ይላታል። ሚጢ ጋሽ ዙሪያን ካየች፣ ቢያሻቸው ጎማ ይነፉ፣ ቢያሻቸው ዘይት ይለኩ፣ ካላቀፏት በስተቀር ሱሪያቸውን አትለቅም።

የማጠቃለያው ፈተና ቀን ጎርፍ መንገዱን ዘጋና ጋሽ ዙሪያ ግማሽ ሰዓት አርፍደው ደረሱ። ረዳታቸው ከመጀመሪያው ፌርማታ እየደወለች፣ ልጆቹ ካፊያ ላይ ቆመዋል፣ ፈተናው ሊያልፋቸው ነው፣ ትላለች። ጋሽ ዙሪያ አውቶቡሱን አዩት፣ ሰዓታቸውን አዩት። ከዚያም በሠላሳ አንድ ዓመት አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ። አንድም ጎማ ሳይነኩ፣ ጌታዬ ዛሬን ከነችኮላዬ ተቀበለኝ፣ አሉና በቀጥታ የሾፌር ወንበራቸው ላይ ወጡ። አማተቡ። አውቶቡሱን ወደ ኋላ ነድተው ከግቢው ሊወጡ ቁልፉን አዞሩት።

አውቶቡሱ ዝም አለ። ደግመው አዞሩት። ጭራሽ ጭጭ። ትናንት እንኳ በአንዴ የተነሳ መኪና ነው።

“አንድ ቀን ብቀር ተቀየምከኝ?” አሉ ወደ ላይ አንጋጠው፣ ግማሹን በቀልድ፣ ግማሹን በምር። ኮፈኑን ሊከፍቱ ወረዱ። ልማድ ክፉ ነውና፣ እግራቸው ግን ወደ ፊት መሄዱን ትቶ ወደ ኋላ ይዟቸው ዞረ።

ሚጢ ከኋላው ቀኝ ጎማ ሥር ቁጭ ብላለች። በአንድ እጇ ሳህን፣ በአንድ እጇ ማንኪያ ይዛ ቁርሷን ለጎማው ታጎርሳለች። ጎማው ሩዝ በሩዝ ሆኗል። “ብላ” ትለዋለች፤ እምቢ ሲላት በትንሽ መዳፏ መታ ታደርገዋለች። መታ ማድረጉን ከማን እንዳየችው መቼም አይጠፋም።

ጋሽ ዙሪያ ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። ሚጢ አንድ ማንኪያ ወደ አፋቸው ብታስጠጋ ጎረሱ። ዘበኛው እናቷ ጋ ናት ብለው፣ እናቷ አያቷ ጋ ናት ብላ፣ ኋላ ሁለቱም እየሮጡ ሲመጡ፣ አንድ ሽማግሌና አንዲት ሕፃን በአንድ ሳህን ሲበሉ አገኟቸው። ሽማግሌው ያለቅሳሉ። እናትየው ነገሩ ሲገባት ልጇን አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት።

መካኒኩ ተጠርቶ ከነመፍቻው መጣ። ኮፈኑን ከፍቶ ብዙም አልቆየም፤ የባትሪውን ሽቦ የሚያስረው ብሎን በጣት የሚዞር ሆኖ ተገኘ። ማን ፈታው፣ ሲል ጠየቀ። ጋሽ ዙሪያ ቀረብ ብለው አዩትና ፊታቸው ተለዋወጠ። የፈቱት ራሳቸው ናቸው። ትናንት ከሰዓት በኋላ የባትሪውን ነጭ ዝገት ሊጠርጉ ፈትተውት፣ መልሰው ሳያስሩት ቀርተዋል።

መካኒኩ ሊስቅ ቃጣው። ጠንቃቃ ነኝ ሲሉኝ ይኸው ዝንጉነትዎ አዳናት፣ ሊል ከጀመረ በኋላ የእናትየውን ፊት አይቶ ዋጠው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ብሎን ፈትተው የሚሄዱ ሰው አይደሉም። ምን አስረሳዎት?” አላቸው።

ጋሽ ዙሪያ ነገሩ ገና አሁን ትዝ እያላቸው ነው።

“ሚጢ ናት” አሉ። “ላስረው ስል እቀፉኝ ብላ ሱሪዬን ያዘች። መፍቻውን አስቀምጬ አቀፍኳት፣ እናቷ ጋ አደረስኳት። በዚያው ወደ ቤቴ ሄድኩ።”

መካኒኩ ብሎኑን አጥብቆ አሰረ። ቁልፉ ሲዞር አውቶቡሱ በአንዴ ተነሳ። ከቢሮም፣ ጎርፉ መምህራኑንም ስለያዘ ፈተናው በአንድ ሰዓት ተገፍቷል፣ የሚል መልእክት መጣ።

ጋሽ ዙሪያ ሞተሩን አጠፉና ወረዱ። ከፊት ግራው ጎማ ጀመሩ። መካኒኩ ባርኔጣውን አውልቆ ከኋላ ከኋላቸው ተከተለ፤ ምን እንደሚባል ስለማያውቅ እሳቸው የነኩትን ይነካል። የመጨረሻው ጎማ ላይ ሩዙ ገና አልደረቀም። ጋሽ ዙሪያ አርባ ሁለቱን ስም ጨርሰው መዳፋቸውን ሳያነሱ ቆዩ፤ የሚጢን ሊጨምሩ ፈልገው ድምፃቸው እምቢ አላቸው።

“ሚጢ” አለ መካኒኩ ከኋላቸው።