አያቴ ያጋድሙት የነበረው ቅርንጫፍ

አያቴ ከሸዋ ቤንች በላይ ያለውን ጫካ ሲያቋርጡ መንገዱ ለሁለት በተከፈለ ቁጥር ይቆሙ ነበር። እርጥብ ቅርንጫፍ ቆርጠው በማንሄድበት በኩል ያጋድማሉ። "አባባ፣ ማንም እኮ የለም" ስላቸው፣ "ከኋላ የሚመጣ አይጠፋም" ይሉኛል። ከጫካው ማዶ ያለውን ኮረብታና የጥንት መንደር ለማየት የሚመጡ እንግዶችን ሲመሩም እንዲሁ ነበሩ፤ እንግዶቹ ፎቶ ሲያነሱ እሳቸው ቅርንጫፍ ይቆርጣሉ።

እኔ ስንት ዓመት ከኋላቸው ተከትያለሁ። ዓይኔ ግን ከተረከዛቸው ተነሥቶ አያውቅም። እሳቸው እያሉ መንገዱን ለማወቅ ምን አስቸኮለኝ?

በአርባቸው ማግስት ከሚዛን የመጡት ዘመዶቻችን አያቴ የተወለዱበትን ያን የጥንት መንደር እንዳሳያቸው ለመኑኝ። እሺ ብዬ ከፊት ወጣሁ። ሦስተኛው መገንጠያ ላይ ስንደርስ አያቴ ያጋደሙት ቅርንጫፍ የለም፤ ጎርፍ ወስዶታል። ግራውንም ቀኙንም ሣር ውጦታል፣ ሁለቱም ሽቅብ ይወጣሉ፣ ሁለቱም የማውቃቸው ይመስሉኛል።

"ምነው ልጄ፣ ቆምክ?" አለችኝ አክስቴ ከኋላዬ።

እርጥብ ቅርንጫፍ ቆርጬ ይዣለሁ። በየትኛው ላይ እንደማጋድመው ግን አላውቅም።