ዳቦውን ገልጦ ያየ ዕለት

በሥራ ቦታው ሁሉም «አፍንጮ» ይሉታል። ስድብ አይደለም፣ ማዕረግ ነው። የጣሊያን ሳንድዊች በሚሸጥበት በዚያ ቤት ዕድሜውን ሲፈጅ ዳቦ ገልጦ አይቶ አያውቅም። ሞርታዴላ ሥጋውን፣ ቺዙንና ቲማቲሙን ደራርቦ፣ የጋለውን ብረት ከላይ ጭኖበት፣ ጀርባውን ይሰጠዋል። ቢላዋ ያጥባል፣ ደንበኛ ላይ ይቀልዳል። ድንገት «በቃው!» ብሎ ዞር ሲልና ሲያነሳው፣ ዳቦው አላረረ፣ አልገረጣ! እንዴት እንዳወቀ ሲጠይቁት አፍንጫውን መታ መታ ያደርጋል። ጠዋት በሩን የሚከፍተውም እሱ ነው፤ ሥጋው ደህና ማደሩን፣ ጋዙ አለማፍሰሱን አሽትቶ ነው ምድጃ የሚለኩሰው። አሠሪው እስከ ዛሬ «ጡረታ ውጣ» ያላለው ለዚህች አፍንጫ ሲል ነው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። በዕረፍት ቀኑ ምሳዋን የሚሠራላት እሱ ነው። እቤት መጫኛ ማሽን የለም፤ ስለዚህ ዳቦውን የወይራ ዘይት ቀብቶ፣ በሶብላ በጣጥሶበት፣ መጥበሻ ላይ ያስቀምጥና ሌላ ከባድ መጥበሻ አግሎ ይጭንበታል። ከዚያ እንደ ልማዱ ጀርባውን ሰጥቶት ከሷ ጋር ወሬውን ይሰልቃል።

ታዲያ አንድ ቀን፣ ክፉ ጉንፋን ይዞት ከለቀቀው በኋላ፣ ከስፌቷ ቀና ስትል ባሏ በቢላዋ ጫፍ የዳቦውን ጠርዝ ገለጥ አድርጎ ሲያይ አገኘችው። ገልጦ! ክው አለች። እሱም ሰረቅ አድርጎ አያት። እሷ እንዳላየ ሰው አንገቷን ደፍታ መርፌዋን ቀጠለች።

ከዚያ ወዲያ ዓይኗ አላረፈም። ወተት ገንፍሎ፣ አርሮ፣ ሽታው ቤቱን ሲያፍን፣ እሱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያገላብጣል። መብራት ጠፍቶ ባደረ ማግስት ደግሞ፣ ሽታው ከሩቅ የሚያባርር ሞርታዴላ ዳቦ ውስጥ ከትቶ «ብይ እንጂ!» አላት። ስልክ ሊያነሳ ወጣ ሲል የሱንም የሷንም ጠቅልላ ጣለችና፣ ተመልሶ ሲመጣ «ድመት ወሰደችው» አለችው። ድመት የላቸውም። እሱም የምን ድመት ብሎ አልጠየቀም።

መናገር ነበረባት። ግን ብትናገር ከሥራው ይወጣል፤ አፍንጫውን ያጣ አፍንጮ ደግሞ ምን ሊባል ነው? «ዝም አይነቅዝም» አለችና ሆዷ ውስጥ ቀበረችው። ይነቅዛል እንጂ! ይህን ተረት ያወጣው ሰው፣ ባሏ ምድጃ ሊለኩስ ማለዳ ሲወጣ በመስኮት የምታይ ሴት ገጥማው አታውቅም። መንገድ ላይ የመኪና በር ጓ ባለ ቁጥር ልቧ ስንጥቅ ይል ነበር።

ባለፈው የዕረፍት ቀኑ ለአንዲት ደንበኛ ቀሚስ አድርሳ ስትመለስ፣ ደረጃው አጋማሽ ላይ ሽታው ተቀበላት። ጋዝ። ወደ ላይ በወጣች ቁጥር ባሰ። የሚመጣው ከራሷ በር ሥር ነው። እጇን ወደ ደወሉ ሰደደችና ልትነካው ስትል ቶሎ ሰበሰበችው፤ ደወሉ ራሱ ብልጭ ቢልስ? ቁልፉ ከውስጥ ተሰክቷል። በሩን በመዳፏ ደበደበችው።

«መጣሁ፣ መጣሁ!» አለ ከወጥ ቤት። «ክብሪት ጠፍቶ ቤቱን ስበረብር ቆየሁ። አሁን አገኘሁ፤ ልለኩሳትና እከፍትልሻለሁ።»

«እንዳትለኩስ! ጋዝ ሞልቷል!»

«የምን ጋዝ?» አለ። «አንቺ ደግሞ! ጋዝ ቢኖር እኔ አላሸትም? ለእኔ ነው እንዴ ማሽተት የምታስተምሪው?» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደረቅ ነበር። የክብሪቱ ሳጥን ሲከፈት ሰማችው።

ያን ጊዜ ገባት። እሷን ለማመን «አላሸትም» ማለት አለበት። ይህ ሰው ይህን ከሚል ክብሪቱን ቢጭር ይመርጣል።

«አታሸትም!» ብላ ጮኸች፣ ጎረቤት ይስማ አይስማ ሳትል። «ከጉንፋኑ ወዲህ ምንም አታሸትም! ዳቦውን ገልጠህ ስታይ አይቼሃለሁ! ሥጋውን የጣልኩት እኔ ነኝ! በሞቴ፣ ክብሪቷን አስቀምጣት!»

በሩ ላይ ተለጥፋ አዳመጠች። በመጨረሻ እግሩን እየጎተተ ሲሄድ ሰማች፤ የምድጃው መክፈቻ ቀጭ ብሎ ተዘጋ፤ መስኮት ተከፈተ፤ ቁልፉ ዞረ። ፊቱ አመድ መስሏል። ክንዱን ጨብጣ ወደ ታች ጎተተችውና ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ለካስ ምድጃውን ከፍቶ ክብሪቱ ሲያልቅበት፣ መክፈቻውን ሳይዘጋ ሌላ ሊፈልግ ሄዶ ረስቶታል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አላት።

«ከመጀመሪያው።»

«እና ዝም አልሽኝ?»

«አንተስ?»

«ለአሠሪዬ እንዳትነግሪብኝ» አለ። «እጠነቀቃለሁ። ሁሉንም በዓይኔ አያለሁ።»

«ጋዝ በዓይን ይታያል?»

አቀረቀረ። ሲናገር ድምፁ አይሰማም ነበር ማለት ይቻላል። «ትናንት ጠዋት ሥራ ቦታ ሳህን አጣቢዋ ‹ጋዝ ጋዝ ይሸተኛል› አለችኝ። ያሸተትኩ መስዬ ‹ምንም የለም፤ ከእኔ አፍንጫ ያንቺ ሊበልጥ ነው?› አልኳት። ሁሉም ሳቁባት። እሷም ተሳስቼ ይሆናል ብላ ዝም አለች።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ጠዋት በሩን ከፍታ ምድጃውን የምትለኩሰው እሷው ነበረች።»

ስልኳን ከኪሷ አውጥታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። ወደ ሥራ ቦታው ደወለ። ጠራ፣ ጠራና ተቋረጠ። ደግሞ ደወለ።

«የምሳ ሰዓት ነው» አለ፣ «ሰው በዝቶባቸው ይሆናል።»

«ይሆናል» አለች።

ስልኩ ይጠራል፤ የሚያነሳ ግን የለም።