ፊሊቤር እና የማያልቀው ክብ

ፊሊቤር ጋኞን የመንደሩን እግር አርባ ዓመት አዝዟል። ኩቤክ ውስጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በአዳራሹ ጨፋሪዎች ስምንት ስምንት ሆነው ይቆማሉ፤ ቫዮሊኑ ሲጀምር እሱ ከመድረክ ላይ «ክብ ሥሩ! ሴቶች ወደ መሀል!» ይላል፤ ጨፋሪውም ያደርጋል።

«ቤት ውስጥ ግን ድመቷን እንኳ አዝዞ ከወንበር አስነስቶ አያውቅም» ትላለች ሚስቱ ሎሬት።

ባለፈው መኸር ከግራ ጆሮው በላይ፣ ቃል በሚወለድበት የአንጎል ሰፈር፣ ዕጢ ተገኘበት። ሐኪሟ የንግግሩን ቦታ እንዳትነካ ሳታስተኛው፣ እያወራ እንደምትቀደው ነገረችው።

«እያወራ?» አለች ሎሬት። «እንግዲያው ሳምንት ይፈጅብዎታል፣ ዶክተር።»

ፊሊቤር አልሳቀም። «ጭፈራ የማዝበትን ቦታ የሚነካ ከሆነ ዕጢውን ይተዉልኝ» አለ።

በቀጠሮው ቀን የራስ ቅሉ ተከፍቶ ሥዕል አሳዩት። ማንኪያ፣ ጀልባ፣ ዝይ፤ ሁሉንም አወቀ። ከዚያ ማዘዝ ጀመረ። የሐኪሟ ቀጭን ብረት አንጎሉ ላይ አንዲት ነጥብ ሲነካ «ሴቶች ወደ...» ብሎ ዝም አለ፤ ብረቱ ሲነሳ «...መሀል!» አለ። ያ ሁሉ ሕዝብ ከነጫማው ሽምብራ በምታክል ቦታ ላይ ሲጨፍር ኖሯል! ሐኪሟ እዚያ ስትደርስ እጇን ሰበሰበች። ከዕጢው ጥቂት ቀረ፤ በየሦስት ወሩ ይመረመራል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የመጣው እብጠት ግን ቃላቱን በታተነበት። በገና ሰሞን ቅቤ ሲያምረው «በሩን» ይላል፤ ሎሬት በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ብርዱን ትለቅበታለች። «ያዘዝከኝን ነው» ትለዋለች። ቃላቱ አንድ በአንድ ተመለሱ። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ወደ አዳራሹ ሄዱ። «ዛሬ ካቃተኝ ዳግመኛ መድረክ አልወጣም» አላት በመንገድ ላይ።

«ክብ ሥሩ! ወደ ግራ ዙሩ!» ድምፁ እንደ ድሮው አስገመገመ። ዞሩ። ቀጣዩ ቃል ግን የለም።

ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉም ያውቃል። ይሁን እንጂ አዲስ ትእዛዝ ሳይሰማ ክብ የሚፈታ፣ ለአዛዥም ቃል የሚያቀብል በዚያ አገር አልተወለደም። ዞሩ። ቫዮሊኑ ያንኑ ዜማ ደገመ። ዳቦ ጋጋሪው ኦቪላ እንደ ቀይ ሥር ቀላ።

በክቡ ውስጥ የምትጨፍረው ሎሬት ከመድረኩ ሥር ስታልፍ «አይዞህ» አለችው። በሁለተኛው ዙር «ፊሊቤር፣ ጉልበቴን!» አለች። በአምስተኛው «አንተ ሰውዬ፣ ሌላ ሚስት አምሮህ ነው?»

ሳቁ አመለጠው። ከሳቁ ጋር ቃሉ ሙሉውን፣ ትኩሱን፣ ምላሱ ላይ ቁጭ አለ። ቁልቁል አየ፤ ላብ ያጠመቃቸው ስምንት ፊቶች አፉን ይጠብቃሉ።

«መጣልህ አይደል?» ጮኸች ሎሬት እያለከለከች። «ፊትህ ላይ አየሁት! በል እንጂ!»

«መጥቷል» አለ ፊሊቤር። «አንድ ዙር ጨምሩ።»